የሀናን አስተናግር

ልጄ ነስሮ፣ አላህ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም አሽቷል።

ባለፈው ጁምዓ የጎረቤታችን የናፊያ ትንሿ ልጅ ሀናን ዓይኗ ፈጦ የሌለ ሰው መጥራት ጀመረች። ናፊያ «ጂን ነው!» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ከማሽላችን ዳር ስትጫወት አይቻት ስለነበር ኪሷን ስፈትሽ እሾሃማ የአስተናግር ፍሬ አገኘሁ።

«ጂን አይደለም፣ አረም በልታ ነው። ተነሺ!» አልኳት። ፍሬውን ይዘን ከሸዋ በር በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናት። ተረፈች፤ ዛሬ ደጃችን ላይ ስትዘል ነው የዋለችው።

ለጥርስ ሕመም ብዬ ያቆየሁትን አስተናግር ሁሉ ነቅዬ ቀበርኩት።

ለሳልህ የላክሁልህን ዳማከሴ ግን አትፍራው፣ አውቄ በእጄ የለቀምኩት ነው። ሳሉ ካልለቀቀህ ሐኪም ጋ ሂድልኝ፣ እሺ የኔ ልጅ? አላህ ጤናህን ያብዛልኝ።

እናትህ ሙና