ሥራ አላት የተባለችው ልጃችን

ለጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። አሁን ግን ፈርቻለሁ። እንደምፈራ ደግሞ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሰው የሚያውቀው ቁጣዬን ነው።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብዬ አልዋሽሽም። ፊት ለፊታችን ባለው ሜዳ ላይ ፎቅ ተጀምሮ ሳሎናችን እስከ ቀትር ፀሐይ አያይም፤ አጥሩ ሥር የተከልሽው ጌሾም ጠውልጓል። የልብስ ስፌት መኪናሽን ሜሮን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ለሰፈሩ ሰው ዚፕ ትቀይርበታለች። የምህንድስና ዲግሪዋ ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔ ነኝ የሰቀልኩት፤ አሁን ላውርደው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ከሰፈሩ ተመራቂዎች ጋር ብሎኬት ለማምረት ስትደራጅ ታስታውሻለሽ። ያን ቀን ቢጫ ቆብ አድርገው ፎቶ ተነሡ፤ ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ያለው ሼድ የእናንተ ነው ተባሉ። ከዚያ ሼዱ ተቆለፈ። ዛሬ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሲሚንቶ ተከምሮበታል። ባለፈው ወር ሜሮን ሥራ ፈላጊ ሆና ልትመዘገብ ሄደች። የወረዳው ሠራተኛ በትሕትና፣ አንቺ እኮ ሥራ ከተፈጠረላቸው ጋር ተቆጥረሻል፣ እንደገና ልመዘግብሽ አልችልም አለቻት። እየሳቀች ገባች። “አባዬ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ሥራ ይዣለሁ” አለችኝ። ሳቋ ያንቺ ሳቅ ነው፣ ግን አብሬያት መሳቅ አቃተኝ።

እኔን ታውቂኛለሽ። ሪፖርት ላይ “በአመዛኙ” የሚል ቃል ሳይ ደሜ ይፈላል። ሚኒስትሩ ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራ ሪፖርት ሊያቀርቡ ምክር ቤታችን እንደሚመጡ ስሰማ ጥያቄዬን አዘጋጀሁ፦ የተቆጠረውን ማን ቆጠረው? ሳይሠራ ሠርቷል ተብሎ ለተቆጠረ ወጣት ተጠያቂው ማን ነው? ምክር ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለሽ ከእኔ በላይ አጥንተሽው ነበር። እኛ በየተራ እንጠይቃለን፣ እሳቸው ሁሉንም ሰብስበው ጠቅለል አድርገው ይመልሳሉ፤ የሚነክሰው ጥያቄ በመካከል ይወድቃል። ማታ ስገባ፣ የመለሱት ለማን ነው፣ አንተስ ጠይቀህ አልነበር ወይ ትይኝ ነበር።

ያን ጊዜ ከመናገሬ በፊት ኩሽናው በር ላይ አቁመሽ ታስነብቢኝ ነበር። ቁጣው ሲበዛ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ መታ አድርገሽ፣ የተከበሩ፣ ሰዓትዎን ጨርሰዋል ትያለሽ፣ ልክ እንደ አፈ ጉባኤው። ስድቡን ሰርዘህ ጥያቄውን ብቻ አንብብ ትይኛለሽ። በዚህኛው ጊዜ የሰማኝ አልነበረም። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት “በተመረጥኩበት አካባቢ ያለች አንዲት ተመራቂ” የሚል ነበር። የማይክሮፎኑ መብራት ሲበራ ግን ከአፌ የወጣው “ልጄ ሜሮን ሥራ አላት ተብላለች። ሥራዋ የት ነው?” የሚል ሆነ።

አዳራሹ ሳቀ። ስለ ተጠያቂነት ያልኩትን፣ ዋናውን፣ የሰማ ያለ አይመስለኝም። ሚኒስትሩ ሲመልሱ፣ የምክር ቤት አባሉን የግል ጉዳይ ቢሯችን ሲመጡ እናያለን ብለው አለፉት። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ለልጁ ሥራ ሊለምን ፓርላማ ገባ ይላል። ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ አወቀኝና፣ ጋሼ፣ ለእኔም አንድ ጥያቄ ያንሱልኝ እንጂ አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሳልደርስ ወረድኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። ያስፈራኝ ሌላው ነው። ለዓመታት ያላነጋገረኝ አንድ ባልደረባ ሻይ ቤት ጠጋ ብሎ፣ ልጅህን በስሟ ባታነሣት ይሻል ነበር አለኝ። በክፋት አልነበረም፣ አዝኖልኝ ነው፤ ለዚህ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁት። ወዲያው እኔ ያለሁበት ቋሚ ኮሚቴ ሼዱን ሄዶ እንዲያይና ወጣቶቹን እንዲሰማ ተወሰነ። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ነው። ውሳኔውን ስሰማ ግን መጀመሪያ ያሰብኩት ሜሮንን ነው።

የቡድኑ ልጆች ዘንድ አንድ ሰው ዞረ። ማን እንደላከው አልተናገረም። ለኮሚቴው የሚናገር ከሚቀጥለው የሥራ ዕድል ዙር ይቀራል ብሏቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ አንዱ ታመመ፣ አንዷ ክፍለ ሀገር ሄደች። እትዬ ጫልቱ፣ ያቺ ስትታመሚ እግርሽን ታሽልሽ የነበረችው ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ልጄን ገመቹን ተውልኝ፣ ኮሚቴው ፊት አይናገር አለችኝ። ልነግራት የጀመርኩትን አቋርጣ፣ “አንተስ ወንበር አለህ። የእኔ ልጅ ምን አለው?” አለች። አልነካውም ብዬ ቃል ሰጠኋት።

ለመናገር የቆረጠች ሜሮን ብቻ ሆነች። ቅሪ አልኳት። ዜጎች ያለ ፍርሃት ይናገሩ እያልኩ በዚያ አዳራሽ ስንት ጊዜ የጮህኩት ሰውዬ፣ የገዛ ልጄን ዝም በይ አልኳት። ከዚያ ደግሞ እኔም አብሬሽ እቆማለሁ ብዬ ለማስተካከል ሞከርኩ። ዚፑን ሰፍታ ጨረሰችና ቀና አለች።

“አብረኸኝ ከቆምክ ያንተ ልጅ ነኝ” አለች። “ብቻዬን ከቆምኩ ሥራ ፈላጊ ነኝ። አትምጣ፣ አባዬ።”

ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው የሚያናድደኝ። የራሴ ልጅ ጉዳይ ስለሆነ ከዛሬው ጉብኝት ውጭ አድርጉኝ ብዬ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ነገርኩ።

እና ዛሬ ነው። ጠዋት ግራጫ ሹራብሽን ለብሳ ወጣች። ቁርስ አልበላችም። በሩ ላይ የተስተካከለ ኮሌታዋን እንደገና አስተካከልኩላት፤ እንዳልገባት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እዚህ ቁጭ ብያለሁ። በጠራ ቁጥር ክፉው ወሬ ይህ ነው እላለሁ፤ እስካሁን የጠሩት በስህተት የደወለ ሰውና ዚፕ ያሠራች ሴትዮ ናቸው። ዛሬ ምንም ላይደርስባት እንደሚችል አውቃለሁ። የምፈራው ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ፣ ሥራ በጠየቀች ቁጥር ስሟን የሚያስታውስ ሰው ነው። አንቺ ብትኖሪ ምን ትይኝ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። አንቺም ለእሷ ስትፈሪ አይቻለሁ።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። ገመቹ ነው፤ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፣ ቢጫዋን ቆብ በፌስታል ይዟል። “ጋሼ፣ ሜሪ ወጣች እንዴ?” አለኝ።

የእናቱ ፊት መጣብኝ። ቃል ሰጥቻታለሁ። ተኝታለች ማለት እችል ነበር፣ ጉብኝቱ ቀርቷል ማለትም እችል ነበር፤ ልጁ እኔን ያምነኛል። እናትህ ታውቃለች ወይ አልኩት። አንገቱን ደፋ። ልጅ አይደለም፣ ከሜሮን በዓመት ይበልጣል። አሁን አየር ጤና ሳትደርስ አትቀርም፣ ፈጠን በል አልኩት። ቁልቁል ሮጠ።

ጥሩዬ፣ ብቻዋን አትቆምም። የምፈራላቸው ግን ሁለት ሆኑ።

አሁን ይህን ወረቀት አጥፌ እትዬ ጫልቱ ቤት እሄዳለሁ። ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት፣ ልጅሽ ሄዷል፣ መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ጠቅለል አድርጌ አልነግራትም። ትቆጣለች፣ ምናልባትም ታለቅሳለች፤ ተቀመጥ እስክትለኝ አልቀመጥም። ካላለችኝም ቆሜ ልጆቹን አብሬያት እጠብቃለሁ። በፈራሁ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ሳልጠራሽ የምውልበት ቀን የሚኖር አይመስለኝም።

ያንቺው