በማገዶ ክፍሉ ወድቆ ስለተገኘው ባርኔጣ

ለክቡር አቶ ኤሊፋሌት ስትሮብሪጅ
የዊሎው ክሪክ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ
ኦሃዮ፣ ኅዳር 1853

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? በተለይ ሳልዎ ተሻለዎት ወይ?

አንደኛ፣ ሴት በወንዶች ፊት ቆማ መናገሯ ነውር መሆኑን አስተምረው ንግግር የማደርግበትን አዳራሽ ለሴቶች ብቻ ስለፈቀዱልን፣ በሩም ላይ ቆመው ባሎቻችንን አንድ በአንድ ስለመለሱልን እጅግ አመሰግናለሁ። አብዛኞቹ እንቅልፋሞች ስለሆኑ ብዙ አልጎደሉብንም።

ሁለተኛ፣ የምናገረውን ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወንድምዎ ሲሞት የአራት ዓመት ልጁን ሌቲን በኑዛዜ ለእርስዎ አወረሰ፤ ሕጉም ከበሬና ከማረሻ ጋር ደርቦ አስረከበዎት። እናቷን፣ እህቴን ታምሲንን፣ የጠየቃት የለም። እርስዎ ግን ቸር ነዎትና ልጅቷን በወር አንድ እሑድ በአጥር ማዶ ያሳዩዋታል። አልጠላዎትም፤ ለመጥላት እንኳ ትንሽ ማክበር ያስፈልጋል።

ይህንኑ በአዳራሹ ስናገር ከምድጃው ጀርባ ካለው የማገዶ ክፍል ሳል ተሰማ። ወይዘሮ ፊሉራ «ኧረ አይጥ ነው!» ብትል፣ እማማ ዶርካስ «አይጥ ደግሞ መቼ ነው ትንባሆ ማኘክ የጀመረው፣ ልጄ? ተዪው፣ ይማርበት!» ብለው አዳራሹን በሳቅ አናወጡት። እኔም የሚያስለው ፍጥረት አንድም ቃል እንዳያመልጠው ድምፄን ከፍ አደረግሁለት።

ሦስተኛውን ልቆጥር ነበር፣ ክስዎ ደረሰኝ። «የወንድ ጆሮ እየሰማት ተናግራለች» ተብዬ ሐሙስ በጉባኤው ፊት ቀርቤ ከማኅበሩ እንድባረር ጠይቀዋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። እቀርባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቸገረኝ፤ ጆሮው የማን ነበር? ወንዶቹን ሁሉ የመለሱ እርስዎ ነዎት፤ የማገዶ ክፍሉም የውጭ በር ቁልፍ ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ምስክርዎን ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ለደረትዎ ምሕረትን፣ ለኅሊናዎ ግን ጥቂት ሕመምን እየለመንኩ፣ ዝም በይ ሲሏት መስማት የሚሳናት ጎረቤትዎ፣

ኬዛያ ፐርዲ፣ ባርኔጣ ሰፊ

ማስታወሻ፦ በማገዶ ክፍሉ አንድ ጥቁር ባርኔጣ ወድቆ አግኝተናል። ገበሩን የሰፋሁት እኔው ነኝ። ሐሙስ በጉባኤው መካከል በየሽማግሌው ራስ ላይ እየለካሁ ባለቤቱን እፈልጋለሁ። ባለቤቱ ከዚያ በፊት ከፈለገው ታምሲን ቤት ተሰቅሏል፤ ባዶ እጁን ግን እንዳይመጣ። ሌቲን ከነልብሷ ይዟት ይምጣ።