ሁለት ካሜሊያ

ማርች 28
የተለየ ነገር የለም። ቦሎቄ ለቀምኩ። ባሌ ኖዳር ሰዓት እየደጋገመ ይጠይቀኛል… ባቡሩ እንዳይዘገይበት። ጡረታ መውጣቱን ነግሬ ነግሬ ሰለቸኝ። በስሜ ከጠራኝ ሰነበተ።

ማርች 30
ባቱሚ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው የድሮ የአትክልት ቦታ እንደምንሄድ ለምራቴ ለማካ ነገርኳት። ከተጋባን ጀምሮ በየጸደዩ ደርሰን እንመለሳለን።
"እማማ፣ ቢጠፋብሽስ?"
"ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ነድቶ ያልጠፋ ሰው?"
"አሁን እኮ መታጠቢያ ቤቱም ይጠፋዋል።"
እውነቷን ነው። ግን "አግቢኝ" ያለኝ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ካየኝ ያውቀኛል። ካላወቀኝስ?

ኤፕሪል 2
ሄድን።
መንገዱን ደህና ነበር። "ፍሬን እንዲህ ይያዛል?" እያለ ሹፌሩን ሲያማ መጣ። ሳቅሁ። የአትክልት ቦታው በር ላይ፣ አበባ ከምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ እንደ ልማዱ ቆመ። ሁልጊዜ ሦስት ካሜሊያ ነው የሚገዛልኝ። ዛሬ ሁለት አነሳ።
ሴትዮዋ ደነገጠች። በእኛ አገር ጥንድ አበባ ለመቃብር ነው፣ ለሕያው ሰው ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ይህን ሕፃንም ያውቃል።
"የኔ ጌታ፣ አንድ ልጨምርልዎ። ምንም አልቀበልም" አለችው ቀስ ብላ።
"አያስፈልግም።"
ረስቶ ነው ብዬ ሦስተኛዋን እኔው ደባለቅሁለት። አውጥቶ መለሰላት።
አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። የበቆሎ ቂጣና አይብ አቀረብኩለት፣ አልበላም። አበቦቹን ጭኑ ላይ ይዞ ቆየና ወደኔ ዞር አለ።
"እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የፂያላ መቃብር በየት በኩል ነው?"
"የማን?"
"የባለቤቴ። ይህን ቦታ ትወደው ነበር። ልጆቹ ደብቀውኛል።"
አልረሳም ነበር ለካ… አስቦበት ነው ሁለት የገዛው።
"ኖዳር፣ እኔ ነኝ እኮ። ፂያላ ነኝ" አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና አዘነልኝ።
"እርስዎም ሰው ሞቶብዎታል መሰለኝ" አለ።
አለቀስኩ። መሐረቡን ሰጠኝ። እኔው የጠለፍኩለትን።

ኤፕሪል 3
ማካ "እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ባሕሩ ጥሩ ነበር" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ኤፕሪል 9
ቁርስ አልነካም አለ።
"ባለቤቴ ከሌላ ሴት ማዕድ መቅረቤን አትወድም።"
አይ ኖዳር… በደህናው ጊዜ እንዲህ ብትጠነቀቅልኝ ምን ነበረበት? ልለው አማረኝና ዋጥኩት።
"እሷ ናት የላከችኝ" አልኩት። "ሳይበላ እንዳይውል ብላኛለች። ይብሉ።" ባሌን እርስዎ አልኩት።
ፊቱ በራ። "ፂያላ?"
"አዎ፣ ፂያላ።"
ስሜን ሲጠራ ድምፁ የድሮው ነው።
ሁሉንም በላ። ካሜሊያዎቹ መስኮቱ ላይ፣ ብርጭቆ ውስጥ ጠውልገዋል። ጎዶሎ እንዲሆኑ አንዷን ላወጣት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ለኔ ነው የገዛቸው።