በሰው ፊት ስድብ፣ በውስጥ መስመር ይቅርታ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ፣ የእንጅባራ በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራም ሠሪዎች መሪና የቴሌግራም ግሩፓችን አድሚን፤

እርስዎን ነው፤ ዞር ብለው ሌላ ሰው አይፈልጉ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ኔትወርክስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ዳንግላዎች ደህና ነን እንዳልል፣ ደህና ያልሆነች ሰው አለችን። ግሩፑ ላይ እንዳልጽፍ ስለዘጉብኝ ይህን አሳትሜ ገበያው መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዘዴውን ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ለገጠር እናቶች የልጃቸውን የክትባት ቀን በአዊኛ በድምፅ የሚያስታውስ የስልክ ፕሮግራም በነፃ እንሠራለን። ድምፁ የሶስና ሽመክት ነው፤ አባቷ አቶ ሽመክት እዚሁ ዳንግላ ጋሪ ይነዳሉ። ሶስና ኮድም ትጽፋለች። ባለፈው ክረምት የላከችው እርማት ፕሮግራሙን አበላሸውና የእናቶቹ ስልክ ዝም አለ። ስህተቱ የእሷ ነው፣ አልካደችም፤ እኔም አልከራከርም።

አንደኛ፣ ስህተቱን ስላገኙት አመሰግናለሁ። ለብቻዋ ነግረው ማሳረም ሲችሉ ኮዷን ፎቶ አንስተው ግሩፑ ላይ በመለጠፍ፣ ከሥሩ «ይህን የጻፈው የአባቷ የጋሪ ፈረስ ነው» ስላሉበት ደግሞ አመስግኜ አልጨርስም። የትኛው መስመር እንደተሳሳተ መጻፍ ግን ረሱ። ሰው ሳቀ፤ ኮዱ እንደተበላሸ አደረ።

ሁለተኛ፣ ሳቁ ስልክ ውስጥ አልቀረም። ከግሩፑ አንዱ ጎረምሳ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ወዲህ ባለጋሪው ሁሉ «ጋሸ ሽመክት፣ ፈረስዎ ዛሬ ምን ጻፈ?» ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ ቀልዱ አልገባቸውምና አብረው ሳቁ። የገባቸው ቀን ሥራውን ትተው በጊዜ ቤት ገቡና ልጃቸውን ጠየቋት፦ «በኔ ሥራ ነው እንዴ የሚሰድቡሽ?» እርስዎ መልስ ካለዎት እባክዎ ይላኩልን።

ሦስተኛ፣ ግሩፑ አናት ላይ የሰቀሉት የመከባበር ደንብ እጅግ ያማረ ነው። «ሥራውን ተቹ፣ ሠሪውን አትንኩ» ይላል፤ የራስዎ ቃል ነው። ይህንኑ ቃልዎን ገልብጬ መልሼ ብልክልዎ በጥባጭ ብለው አፌን ዘጉት። ደንብ ለታች ሰው ብቻ እንደሚወጣ አላወቅሁም ነበር፣ ይቅርታ።

አራተኛ፣ ሶስና ከግሩፑ ስትወጣ ስሟን ከሠሪዎቹ ስም መሐል ፋቁት። ድምጿን ግን አልነኩትም፤ እሱ ይጠቅማል መሰለኝ። ኮዱ በኋላ ስለታረመ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ያለች እናት ዛሬም ስልኳን ስታነሳ የምትሰማው ሶስናን ነው። ቤቷ ያለችው ሶስና ግን አትናገርም። ላፕቶፗን በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገብታዋለች። አባቴን እንዳላሳፍር ብላ በጋሪ ማቆሚያው በኩል አታልፍም፤ እሳቸውም ልጄን እንዳላሳፍር ብለው ጋሪውን ከነፈረሱ ለመሸጥ ሰው ያፈላልጋሉ። ሁለቱ አንዱ ሌላውን ያዋረደ እየመሰለው፣ አንድ ገበታ ላይ ቀርበው ሳይነጋገሩ ይነሳሉ። ይህንንም ፎቶ አንስተው ቢለጥፉት ያምር ነበር።

አምስተኛ፣ ይቅርታ ጠይቄያለሁ እያሉ እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ለሶስና በውስጥ መስመር «ቀልድ ነው፣ አትያዥብኝ» ብለው ልከዋል። በኛ አገር ግን ገበያ መሐል የሰደበ ሰው በጓሮ ዞሮ ጉልበት ልሳም ቢል ሽማግሌ አይሰማውም። የሰደበበት ቦታ፣ የሰሙት ሰዎች ባሉበት ያቆሙታል። ስድቡን የሰማ ጆሮ ይቅርታውን ካልሰማ የሚቀረው ስድቡ ብቻ ነዋ። እርስዎም የአዊ ልጅ ነዎት፣ ይህን ያጡታል አልልም፤ በሥራ ብዛት ረስተውት ይሆናል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ስድቡን የጻፉበት ግሩፕ ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ አባትና ልጅን በስማቸው ጠርተው ይቅርታ ይጠይቁ። አላደርገውም የሚሉ ከሆነም ምክንያትዎን እዚያው ይጻፉልን።

እግዚአብሔር የእጅዎን ሥራ ያቃናልዎ፤ አንደበትዎንም አይርሳው።

ታላቅ አክብሮት ካለው፣ አፉ ከተዘጋበት፣
ክንዴ አየነው፣ ስልክ ጠጋኝ
ዳንግላ፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ለኔ በውስጥ መስመር እንዳይጽፉ፤ አልከፍተውም። ለጋሪው አንድ ገዢ ከአዘና መጥቶ አይቶ ሄዷል፤ ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። ከቅዳሜ በፊት በአደባባይ ይመልሱ።