አሥራ ሁለተኛው ሞትህ

ላኮረፍኩህ ባሌ፣ ለሙሌ፤

ከተለያየን አሥር ወር አለፈ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በቁምህ ስጠይቅህም ደህና ነኝ እያልክ ስትዋሸኝ ነው የከረምከው። እስካሁን አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው። አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ግን ባለፈው ሳምንት የሆነውን ለሌላ ለማንም ብናገር አይወጣልኝም፤ አንተው ያመጣኸው ጣጣ ነውና አንተው ስማው።

ከቤት ልጀምር። ጄኔቫ፣ ለዛቫንሼ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። ኮሪደሩ ላይ ለፊልም ሞት የምትለማመድበትን ትልቁን መስታወት ግን አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ልጃችን ሶስና ትምህርት ቤቱን ጨርሳ ላንሲ ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ አፕረንቲሳዥ ጀምራለች፤ ትሠራለችም፣ ትማራለችም። አማርኛዋ ያው አንተ የምትስቅበት ነው። ስላንተ ስታወራ «ፓፓ ሞቶ ነበር» ትላለች፣ ሞተህ የተነሳህ ይመስል። አላርማትም። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ደግሞ አሁን ሊፍት ውስጥ ቦርሳዋን አታቅፍም። በቴሌቪዥን ዕፅ ስትሸጥ ካየችህ ጀምሮ አንተ ስትገባ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ትለጥፍ አልነበር? አንተ ታዲያ ትወና የገባት እሷ ብቻ ናት እያልክ ትንከተከት ነበር። እኔን ግን አንድ ቀንም አላሳቀኝም።

እኔ ያገባሁህ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆነህ ስትቆም አይቼ ነው። ድምፅህ ያለ ማይክራፎን የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይደርስ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጓደኞችህ ሲታሰሩ አገር ጥለን ወጣን፤ ጄኔቫ መጥተን ስደተኛ የሚያርፍበት ፎየ ውስጥ ሳለን አንዱ ፊልም ሠሪ ፊትህን ወደደልህ። ፊትህን ነው ያልኩት፤ ድምፅህንማ ማን ጠየቀህ! ከዚያ በኋላ የእሑድ ማታ የወንጀል ድራማ ቀለብ ሆንክ። መጨረሻ ላይ በሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ ስም እንኳ አልነበረህም፤ «ሻጭ ሁለት»፣ «ተጠርጣሪ»፣ «በረኛ»። መርማሪው ይመጣል፣ ታፈጥበታለህ፣ ትሮጣለህ፣ ትሞታለህ። ይችን ለማየት እኔንና ልጅህን ሶፋ ላይ ደርድረህ ማስነጠስ ትከለክለን ነበር።

አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አንዲት እናት አሉ። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር ማታ በቴሌቪዥን ስላዩት ነፍሰ ገዳይ አጫወቱኝ፤ ዓይኑ የሚያስፈራ ጥቁር ሰውዬ ነው፣ አየሽው ወይ አሉኝ። አላየሁትም አልኳቸው። ባሌ ነው አላልኩም። አፍሬብህ ነበር፣ ይኸው ነገርኩህ።

አሥራ አንድ ጊዜ ሞተሃል። ሶስና በልጅነቷ ዳኛ ነበረች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትዘረር ከላይህ ቆማ የትኛው ሞትህ እንደሚያምር ትፈርድ ነበር። በጥይት ሞተሃል፣ በጩቤ ሞተሃል፣ ከድልድይ ተወርውረሃል፣ በሣጥን ሆነህ ተቀብረሃል። አንዴማ ገና ታሪኩ ሳይጀመር ሞተህ፣ ሬሳ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አንሶላ ለብሰህ፣ አውራ ጣትህ ላይ ወረቀት ታስሮልህ ብቻ ታየህ። ጉዱን ያመጣው እሱ ነው።

ያቺ ቁራጭ ምስል ያለ ምንም ቃል አዲስ አበባ ደረሰች። እናትህ እማማ ዘነበች አዩዋት። አውሮፓ ያለ ልጅ በአንሶላ ተሸፍኖ ምስሉ ሲመጣ ምን ይባላል? እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተለቀሰልህ። በሦስተኛው ቀን አንተ ምኑንም ሳታውቅ እንደ ልማድህ ስትደውል እማማ ድምፅህን ሰምተው ስልኩን እንደያዙ ወደቁ። አንተ የአክስትህን ልጅ ታምራትን ምስሉን አንተ ነህ ያሰራጨኸው ብለህ ሰደብከው፤ እስክትሞት ድረስ አላናገርከውም። ለእማማ ደግሞ ማልክላቸው፤ አስማልካቸውም። ከእንግዲህ ከእኔ ከራሴ አፍ ካልሰማሽ ማንም ሞተ ቢልሽ እንዳታምኚ አልካቸው። ከዚያ ወሬውን ለጓደኞችህ እያወራህ ስትስቅ ከረምክ። ደግ አደረግህ! ይኸው መዘዙ።

ባለፈው ዓመት ያቺ የዙሪክ ወጣት ዳይሬክተር በትንሽ አቅም የምትሠራውን ፊልም ይዛ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ያለው ሰው ሆንክ፤ የማይሮጥ፣ የማይገድል፣ ትራም የሚያጸዳ ሰው። እዚያው ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ የሚባለው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የአፍሪካ ሸቀጥ መደብር በላይ ያለች ክፍል ውስጥ ወር ሙሉ ተቀመጥክ። ስትመለስ ሱሪህ አይይዝህም። ምነው ስልህ ለሚናው ነው፣ እሷ ክሳ ብላኝ ነው አልከኝ። እኔም አምኜህ፣ ለማይረባ ፊልም ብለህ ገላህን ጨረስክ እያልኩ ስጨቀጭቅህ ከረምኩ። ሆስፒታል በገባህ በዘጠነኛው ቀን ሐኪሙ ጉበትህ እንዳበቃለት ካወቅክ ዓመት እንዳለፈህ ነገረኝ። የማውቅ መስሎት ነው የነገረኝ። አንተ ያን ጊዜ አፍህ ተይዟል። ዳይሬክተሯ ታውቅ ነበር፣ ነርሶቹ ያውቁ ነበር፤ አብሬህ የምተኛው ሴት ብቻ ነኝ የማላውቀው። ምን አድርጌህ ነው? በማግሥቱ ሞትክ። ይቺ ብቻ ልምምድ አልነበራትም።

ቀብርህ ላይ አላለቀስኩም። ሰዉ ደነገጠች እያለ ደገፈኝ። ደንግጬ አልነበረም፤ ሣጥኑን ከፍቼ በጥፊ ባልኩህ ደስ ይለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ሽማግሌዎች መርዶ ሊያረዱ ማልደው እማማ ዘንድ ሄዱ። እማማ ከበር መለሷቸው። ልጄ ሥራ ላይ ነው አሉ። የቀብሩን ፎቶ ላክሁ፤ ይሄንንማ ሠርቶታል፣ ያኛው ሣጥን ይሻል ነበር አሉ። እኔ ስደውል ደግሞ አንተን አቅርቢልኝ ብቻ ነው ነገራቸው። ጥቁር አልለበሱም። የቤቱ ስልክ እንዳያመልጣቸው ከቤት መውጣት ተዉ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ከመቀመጥ ብዛት እግራቸው አበጠ። ጎረቤቶቻቸው እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ፣ ሴትዮዋ ወንበር ላይ ሊያልቁ ነው ይሉኛል። ምን ላድርግ? የሞተ ሰው አፍ ከየት አባቴ ላምጣ?

ባለፈው ሳምንት ፊልሙ ዙሪክ ታየ። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሶስና ጎትታ ወሰደችኝ። አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የምንሰማ እኔና እሷ ብቻ ነን። መጨረሻው ገደማ ባዶ ትራም ውስጥ መጥረጊያህን አስደግፈህ ትቀመጣለህ፣ ስልክ ታወጣለህ፣ እናትህ ዘንድ ትደውላለህ። ከዚያ በዚያ በመድረክ ድምፅህ፣ እኔ ዓመታት ባልሰማሁት ድምፅ፣ እንዲህ አልክ፤

«እማዬ፣ ከእኔ አፍ ካልሰማሽ አትመኚ ብዬሽ አልነበር? ይኸው ከእኔ አፍ ስሚው። ይሄኛው የእውነት ነው። ልቅሶዬን ተቀመጪልኝ። ለብርቄም አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ፈራኋት።»

ሰዉ ፈገግ አለ። ሶስና ከስር የተጻፈውን ጀርመንኛ በጆሮዬ አነበበችልኝ፤ በልቻለሁ፣ ብርዱም አልከፋም፣ አታስቢ ይላል። ዳይሬክተሯን በኋላ ስጠይቃት፣ ለእናትህ የምትለውን በል አልኩት፣ ትርጉሙንም ራሱ ነው የሰጠን አለችኝ።

ፈራኋት! አንተ ሰውዬ፣ እኔን? ሽጉጥ የያዘ ፖሊስ ላይ ስታፈጥ ዓይንህን የማታርገበግብ ሰው፣ ሚስትህን አሞኛል ለማለት ፈራህ? እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተነስቼ ልጮህብህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ምስሉን ከዳይሬክተሯ ተቀብዬ ሦስት ቀን አልላክሁትም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ሁለተኛው የደበቅኩህ ነገር ይሄ ነው። ያን የአንሶላውን ምስል የላክሁት እኔ ነኝ። ታምራት አይደለም። ሥራ ቦታ በእረፍቴ ሰዓት ለእማማ ጎረቤት ስልክ ላክሁት፤ እማማ ልጃቸው በቴሌቪዥን መታየቱን አይተው ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው። ፊልም ነው ብዬ ድምፄን ቀድቼ ላስከትል ስል ከአንዱ ክፍል ደወል ተደወለ፣ ሮጥኩ፣ ረሳሁት። ምስሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲያልፍ ላኪው ጠፋ፤ ድንኳን መተከሉን ስሰማ አፌ ተሳሰረ። ታምራትን ስትሰድበው አጠገብህ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። እኔም ፈራሁህ መሰለኝ።

ስለዚህ አሁን እንደ ወጉ አደረግኩት። ለታምራት ደውዬ መጀመሪያ ጥፋቴን ነገርኩት። ምን ላድርግልሽ አለኝ። ምስሉን ላክሁለት፤ ቅዳሜ ሲነጋ ከእድሩ ሁለት ሽማግሌ ይዞ እማማ ዘንድ ሄደና ድምፅህን አሰማቸው። ያን ቀን ቤት ቁጭ ብዬ ስልክ ጠበቅኩ። ማንም አልደወለም። ታምራትም አላነሳልኝም። ገደልኳቸው ብዬ ስንቆራጠጥ ዋልኩ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ለሥራ ስለባበስ ስልኩ ጮኸ። እማማ ናቸው። በሕይወታቸው ለእኔ ደውለው አያውቁም። ድምፃቸው አልቋል፣ ግን ረጋ ብለዋል። ሶስናን ቀስቅሻት፣ አጠገብሽ ትሁን አሉኝ። ቀሰቀስኳት። ቁጭ በይ አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ትናንት ያልደወልኩት ቀኑ ረፍዶ ስለነበር ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በጠዋት ነው የሚነገረው፣ እሱ አደራ ብሎኛል አሉ። ከዚያ፣ ልጄ፣ ሙሉጌታ ሞተብሽ አሉኝ።

እኔ የቀበርኩህን፣ የሆስፒታል ልብስህን በእጄ ያጠፍኩትን ሴት፣ እንደማታውቅ አድርገው አረዱኝ። ያን ጊዜ ነው የሞትክብኝ። ወለሉ ላይ፣ አንተ ትዘረርበት በነበረው ኮሪደር፣ ጮኼ አለቀስኩ። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ደንግጣ መጥታ በራችንን አንኳኳች። እማማ ከዚያ ያለቅሳሉ፣ እኔ ከዚህ፤ ሶስና ስልኩን ይዛ በመካከላችን።

እማማ ጥቁር ለብሰዋል። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ አለኝ ታምራት። መስታወቱንም መልሼ ሰቅዬዋለሁ።

ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፤ አልረሳህም። ያቺ አረጋዊት እናት በቴሌቪዥን ያዩህ እንደሆነም ባሌ ነው እላለሁ። ይቅር ግን ገና አላልኩህም፤ እሱን ሳደርግ ራሴ በአፌ እነግርሃለሁ፣ በእናትህ አልልክብህም።

የፈራሃት ሚስትህ፣
ብርቅነሽ