የወንድሜ ላፕቶፕና የነጠላዬ ጫፍ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ረፋድ ላይ ዝናቡ ሳይታሰብ መጣ። ግቢ ያሰጣነውን ቡና ከነሸራው ጎትቼ ወንድሜ ሀብታሙ ክፍል አስገባሁት። አቧራው አሮጌው ላፕቶፑ ላይ አረፈ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት፤ ጎንና ጎኑንም አሸሁት።

ሀብታሙ ስምንት ሰዓት ላይ ከፈተው። እዚያው ላይ የጻፈውን የሥራ ማመልከቻ እስከ አስር ሰዓት መላክ ነበረበት። ዋይፋዩ የለም። ምልክቱ ራሱ ከስክሪኑ ጠፍቷል። አጥፍቶ አበራው፤ ያው ነው።

"ዝናቡ ነው፣ ኔትወርኩን ወስዶታል" አለች እማዬ።

"እማ፣ ስልኬ እኮ ይሠራል!" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሰናይት፣ ነክተሽዋል እንዴ?"

"አልነካሁም" አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ በዝናብ ወደ ጥገና ቤት ሮጠ። የተመለሰው አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጠጋኙ ሆዱን ሁሉ ፈቶ ሲፈልግ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የዋይፋይ ማብሪያና ማጥፊያ በጥፍሩ ገፋ ሲያደርጋት ምልክቱ ተመለሰ። ማመልከቻ መቀበያው ግን ተዘግቶ ነበር።

ጠርጌዋለሁ ብዬ ብነግረው ኖሮ መጀመሪያ ጎኑን ያይ ነበር።

ራት ላይ ቀስ ብሎ፣ "ሰኒ፣ በከንቱ ጠረጠርኩሽ። ይቅር በይኝ" አለኝ።

"ግድ የለም" አልኩት።

ነጠላዬን አላጠብኩትም። ጫፉ በቡና አቧራ እንደጠቆረ አልጋዬ ሥር አለ።