ድንጋይ የዋጠው ግንድ

ውድ ታናሼ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ነገር ግን ትናንት በስልክ ስትጮህብኝ ድምፅህ እጅግ ጤነኛ ስለነበር ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። የምጽፍልህ በስልክ ስለማታስጨርሰኝ ነው። ወረቀት ላይ ቃሌን ከአፌ የሚነጥቀኝ የለም።

ነገሩ ከገደሉ አፋፍ ስለነበረው ትልቅ ዛፍ ነው። «አንድ ዛፍ ለመጣል ስንት ምሁር ያስፈልጋል?» ብለኸኛል። አንድም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቦታውን በእግሩ የረገጠ ሰው ነው። አንተ የመጣህ ቀን ከመኪና አልወረድክም። በመስኮት ሁለት ትእዛዝ ሰጥተህ፣ አቧራችንን አራግፈህ ሄድክ።

የመጀመሪያው፣ የምንቆርጠው ግንድ ሁሉ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ይጎተት፣ መንገዱ ያጥራል የሚል ነበር። ያጥራል፤ አልዋሸህም። ግን ግንዱ ጠጠርና አሸዋ በጎኑ እየጠቀጠቀ ነው የሚወርደው። እኔ የግንዱ ጫፍ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በላይኛው መንገድ እንዲጎተት፣ መጋዝ ሳይነካውም የሚቆረጥበት ቦታ ዙሪያውን በመጥረቢያ እንዲላጥ አዝዤ ነበር። አንተ መላጡን «የአስተማሪ ሥራ» አልከውና ውኃ ይበቃዋል ብለህ ሁለተኛውን ትእዛዝ ሰጠህ። ሠራተኛው በደስታ ሊያቅፍህ ምንም አልቀረው። ውኃ ሲረጭበት ግንዱ ከላይ ሙሽራ ይመስላል። አሸዋው ግን ጭቃ ሆኖ ወደ ቅርፊቱ ስንጥቅ ይገባና እዚያው ይደርቃል። ከዚያ የሞተር መጋዙ ሰንሰለት ይዶለዱምና መቁረጡን ትቶ ማጨስ ይጀምራል። ግማሹን ቀን እንቆርጣለን፣ ግማሹን ቀን ሞረድ ይዘን እንስላለን።

የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት የተሰበረ የመጋዝ ጥርስ መዳፌ ላይ አስቀምጣ፣ «አንተዬ፣ እንጨት አምጣ አልኩህ እንጂ ኮረት አምጣ አልኩህ? ቤት እያሠራሁ መሰለህ?» አለችኝ። ሠራተኞቿ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅኩም። ቢሆንም ይህ ሁሉ ብረት ነው፤ ብረት ይተካል።

የእህታችን ባል ግን አይተካም። ከጀርባዬ ደውለህ፣ «ጋሼን ተወው፣ መጋዙን ይዘህ ውጣና ጣለው» አልከው። እሱ ፈሪ ከሚባል ገደል ቢገባ የሚመርጥ ሰው መሆኑን ስለምታውቅ ነው የደወልክለት። ያ ዛፍ ለዘመናት ጎርፍ ያመጣለትን ድንጋይ በሥሩ አቅፎ፣ በኋላም ውጦ ያደገ ነው። ቅርፊቱ ስለሸፈነው ከውጭ ምንም አይታይም። መቆሚያ ርብራብ ሠርተን ከፍ ካለ ቦታ እንቁረጠው እያልኩ ስለምንህ የነበረው ለዚሁ ነው። እሱ ግን እንጨት እንዳይባክን ባልከው መሠረት ከመሬት አስጠግቶ ገባበት። ግማሽ ሲደርስ ድንጋዩን አገኘው። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ጉንጩን ቀደደውና አለፈ። ዛፉ ግማሹ ተቆርጦ፣ ዘመም ብሎ ቆሞ ቀረ።

ይህን ስነግርህ ምን አልክ?

«ግማሹ ከተቆረጠማ ምን ቀረው? ሌላ ሰንሰለት አስገብቶ ይጨርሰዋ!»

«ማን ነው ሥሩ የሚቆመው?»

«እሱው ነዋ! የጀመረው እሱ አይደል?»

ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። እህታችን አጠገቤ ቆማለች።  የባሏን ጉንጭ የምትጠርግበትን ጨርቅ ጨምቃ እንደገና መጥረግ ቀጠለች። እሱ ደግሞ ከጨርቁ ሥር ሆኖ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይለኛል።

«ዛፉን አትጠጋውም!» አልኩት።

«እንግዲህ ሕፃን አደረግኸኝ።»

«አዎ፣ አደረግኩህ!»

ዛሬ ጠዋት የብረት ገመዱን አወጣን። ከዛፉ በላይ ካለው ቋጥኝ ሆነን ቀጭን ገመድ ወርውረን ቅርንጫፉ ላይ አሳለፍንና፣ በሱ የብረቱን ገመድ ስበን አሰርነው። ሥሩ ማንም አልደረሰም። ትራክተሩ ከወንዙ ማዶ፣ ዛፉ ቢወድቅ ከማይደርስበት ቆመ። ነጂው በየነገሩ ቀስ በል ማለት ስለሚወድ ቀስበል የምንለው ሰውዬ ነው።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ከሳብኩት እኮ ገደሉ ሥር ያሉት ቋጥኞች ላይ ነው የሚያርፈው። ፍርክስክሱ ነው የሚወጣው!» ብሎ ጮኸ።

«አውቃለሁ!»

«ቀስ በል እስቲ፣ አስብበት።»

«አስቤበታለሁ፤ ሳብ!»

ሳበው። መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። አቧራው ሲገለጥ ግንዱ ከሥር እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ፣ ቋጥኞቹ መሃል ተበታትኖ ነበር። ልቡ ጥቁር ቀይ ነው፤ አንዲት የብል ቀዳዳ የለበትም። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ሳገላብጥ እንዲህ ያለ አላየሁም። ያልነገርኩህ ነገር ቢኖር፣ ያንን ዛፍ ካንተ ይልቅ እኔ እፈልገው ነበር። ሳንቃ ሆኖ ማየት እፈልግ ነበር። አሁን ማገዶ ነው። ቃል ለገባህለት ገዢ ራሴ ደውዬ የለም ብዬዋለሁ። ሰድቦኛል፤ ስድቡን ግማሹን ላንተ አስቀምጬልሃለሁ።

ከነገ ጀምሮ የወንዙ መንገድ በቋጥኝ ይዘጋል። ግንድ ሳይላጥ መጋዝ አይነካውም። ለእህታችን ባል ስለሥራ ደግመህ ብትደውል፣ ሥራውን ዘግቼ ቁልፉን እልክልሃለሁ፤ መጥተህ አንተው ትቆርጣለህ።

እሱ አኩርፎኛል። ምሳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ጨው እንኳ የጠየቀኝ በሚስቱ በኩል ነው። ሆኖም ሁለተኛ ሳህን አስጨምሮ በላ፤ የተሰፋ ጉንጩን እየያዘ፣ እኔን በግልምጫ እያየ። ያኩርፍ። ካሰኘው እስኪያረጅ ያኩርፈኝ። አንተም ከመጣህ አጠገቡ ቦታ አለ፤ ተቀምጠህ አብረኸው ታኮርፈኛለህ።

ቁጣው ያልበረደለት
ታላቅ ወንድምህ